ፈለሰ የተባለው ግስና የጎንደር አገር

(በሬዲዮ ከተነገረው የታሪክ ንግግር የተወሰደ)



ሰው ከአገሩ ሲለይ በአማርኛ የሚነገርለት ቃል አንድ ብቻ አይደለም። ተሰደደ ይባላል፤ ተጋዘ ይባላል፤ ተፈናቀለ ይባላል፤ ፈለሰ ይባላል። ወሬ ነጋሪ እነዚህን ቃላት አንዱን በሌላው ቦታ እያለዋወጠ ቢናገራቸው አድማጩ ነገሩን ከመረዳት አይታገድም። ሆኖም እያንዳንዱ ግስ ስለ ተጓዡ ብቻ ሳይሆን ስለ አስጓዡም የሚገልጠው፥ ወይም የሚሸሽገው ነገር አለው።

ዛሬ በተለይ የምንመለከተው ፈለሰ የሚለውን ግስ ነው። ይህን ግስ የመረጥንበት ምክንያት በጎንደር ከተማ ዙሪያ፥ እንዲሁም በደንቢያ፥ በወገራና በስሜን ደጋ የአንድ ሕዝብ መጠሪያ ስም እስከ መሆን ስለ ደረሰ፥ ያም ስም የተሰጣቸውን ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያሳዝን ስለ ኖረ ነው። ነገራችን ከላይ ሲያዩት የሰዋስው ነገር ይመስላል፤ ውስጡ ግን የመሬት ነገር ነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ከሌላቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በቅድሚያ ሁሉ ከሚያውቀው እንጀምር። ሰደደ በግዕዝ አባረረ፥ አስወጣ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ትርጓሜው ሰፍቶአል። የቀድሞ ሰዎች ደብዳቤ ሰደድሁ፥ መልእክተኛ ሰደድሁ ይሉ ነበር፤ ላክሁ ማለታቸው ነው። እረኛ ከብቱን ወደ መስክ ይሰዳል። ነፋስ ይዞት የሚሮጠው የዱር ቃጠሎ ሰደድ እሳት ይባላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ደግሞ ዛፍ ወደ መሬት ጠልቆ ሲይዝ ሥር ሰደደ መባሉ ነው፤ ሰውን ከአገሩ የሚነቅለው ግስ ተክልን ከአፈሩ ጋር የሚያስተሳስረውም እርሱው ሆኖ ተገኘ።

ተሰደደ ባልን ጊዜ ግን በግሱ ራስ ላይ የቆመችው «ተ» ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ተገደለ ከተባለ ገዳይ አለ፤ ተሰረቀ ከተባለ ሌባ አለ፤ እንዲሁም ተሰደደ ከተባለ ሰዳጅ አለ። ስሙ ባይጠራም በቃሉ ውስጥ ቦታ ተይዞለታል። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው በጽጌ ጾም ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ወደ ግብፅ መሰደድ ስታስብ ሄሮድስ ሳይነሣ የማይቀረው ስለዚህ ነው። የእስልምና ሃይማኖት ተከታዮች የሆኑት ወገኖቻችንም የነቢያቸው ተከታዮች በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከመካ ወጥተው ወደ አክሱም ንጉሥ መምጣታቸውን በአማርኛ ስደት ብለው ሲያወሱ፥ የመካን አሳዳጆች አብረው ያወሳሉ። ስደተኛ ማለት እንግዲህ በተናገሩት ቍጥር አንድ በደል መኖሩን የሚመሰክር ስም ነው። ከዚህ ደንብ ወጣ የሚለው ምናልባት የቆሎ ተማሪ ብቻ ይሆናል፤ እርሱ ከአባቱ ቤት ተሰዶ፥ ውሻና ብርድ እየታገለው፥ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፥ ለአቋቋም ወደ ጎንደር በአታ ሲሄድ የሰደደው የገዛ ፍላጎቱ ነው።

ቃሉ ሁልጊዜ በርኅራኄ ይነገር ነበር ለማለት ግን አይቻልም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በባዕድ አገር፥ ይልቁንም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ሲኖሩ ቆይተው፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ ዋና ከተማቸው ከተመለሱ በኋላ ሰው ሁሉ አርበኛ፥ ስደተኛ፥ ባንዳ እየተባለ ይለይ ጀመር። የኢጣልያ ጦር እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሳይለቅ በቆየበት በጎንደር፥ እነ አሞራው ውብነህ በዱር በገደሉ በተዋጉበት አገር፥ ስደተኛ መባል እንደ ምስጋና አይቈጠርም ነበር። አንዱ ቃል ለአንዱ ማዕርግ፥ ለሌላው ነቀፌታ ሆነ።

ተጋዘ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። እህል ከአውድማ ወደ ጎተራ ይጋዛል፤ ማገዶ ከዱር ወደ ቤት ይጋዛል፤ ጓዝና ማጓጓዝ የሚሉትም ቃላት ከዚሁ ወገን ናቸው። ግዞተኛ ማለት እንግዲህ እንደ ጭነት ተወስዶ ጫኙ ባሰበው ስፍራ የተራገፈ ሰው ነው። ስደተኛ የሚሄድበትን ይመርጥ ይሆናል፤ ግዞተኛ ግን አይመርጥም። ራስ እምሩ በኢጣልያ እጅ ወድቀው ወደ ፖንዛ ደሴት በተወሰዱ ጊዜ የተባለው ተጋዙ ነው እንጂ ተሰደዱ አይደለም፤ ልዩነቱን ሕዝቡ ያውቀዋል። የጎንደር ነገሥታትም ዙፋን ይሻሙናል ያሉአቸውን የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች ወደ ወኅኒ አምባ ያወጡ ነበር። ይህን ልማድ በወኅኒ የጀመሩት ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዐፄ ፋሲለደስ ናቸው፤ በዚያም ከተጋዙት መካከል የገዛ ልጃቸው ይገኝበታል። ዛሬ እስር ቤትን ወኅኒ ቤት የምንለው ከዚያ አምባ ስም ወስደን መሆኑን ብዙዎች ይናገራሉ። የጎንደር አንድ ተራራ የአገር ሁሉ እስር ቤት መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። ስለ ፈለሰ የምንነግራችሁ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የሁሉ የነበረ ግስ የጥቂቶች ስም ሆኖ ቀረ።

ተፈናቀለ በዘመናችን ብዙ የሚሰማ ቃል ነው። ድንጋይን በዘንግ ከተቀበረበት ማንሣት መፈንቀል ይባላልና፥ ሰው በኃይል ከኖረበት መነሣቱን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ዛሬ ተፈናቃይ የሚባለው የአገሩን ወሰን ሳይሻገር ከቤቱ የተነሣ ሰው ሲሆን፥ የተሻገረው ግን ስደተኛ ነው። ስደተኛ በ1951 በጄኔቭ በተደረገው ስምምነትና በ1969 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ባጸደቀው ስምምነት መብቱ የተወሰነለት ሰው ነው። የሰሜን ጎንደር ደጋ ራሱ ስደተኛን አስተናግዶአል፤ በትግራይ ይኖሩ የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞች ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባት አጠገብ በዓለምዋጭ እንዲሰፍሩ ተደርጎአል። የስም ልዩነት ከንቱ የቃል ክርክር አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ባለሥልጣን መዝገቡን ገልጦ ሰውየውን በየትኛው ግስ እንደሚጽፈው የሰውየው እንጀራ የሚወሰንበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ፈለሰ «ተ» የለበትም። እንደ ሄደ፥ እንደ መጣ፥ እንደ ሞተ ባለቤቱ ብቻውን የሚፈጽመው ግስ ነው። አፍላሹን ለማወቅ የፈለገ ሰው አፈለሰ ብሎ ሌላ ግስ መፍጠር አለበት፤ ፈለሰ በሚለው ውስጥ ግን አፍላሽ የሚቀመጥበት ስፍራ አልተዘጋጀም። ሰውየው ተነሣ፥ ሄደ፥ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ፤ በቃ።

በግዕዝ መጻሕፍት ይህ ግስ የተከበረ ነው። የማቴዎስ ወንጌል የእስራኤልን ወደ ባቢሎን መወሰድ በግዕዙ ፍልሰት ይለዋል፤ የአማርኛው ትርጉም ግን ምርኮ ብሎታል። በዚህ ረገድ አማርኛው ማራኪ መኖሩን አልደበቀም። ነሐሴ በገባ ጊዜ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙት ፍልሰታ ከዚሁ ግስ የወጣ ነው፤ የእመቤታችንን ሥጋ መፍለስ የሚያስብ ጾም ነውና። የጻድቃን ዐፅም ከአንዱ ገዳም ወደ ሌላው ሲዛወር ፍልሰተ ዐፅም ይባላል፤ ግንቦት 12 ቀን የሚከበረውን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ ዐፅም ምእመናን ሁሉ ያውቁታል። ፈላሲ የተባለው ስምም ቢሆን በመጀመሪያ እንግዳ፥ መጻተኛ ማለት ሲሆን፥ ዓለምን ንቆ ከአገር አገር ለሚዞር መነኵሴ ይሰጥ ነበር። መነኵሴ ርስት የለውም፤ የለውም የሚባለውም ራሱ ስለ ተወው ነው። ለእርሱ ፈላሲ መባል ክብር ነው።

ግዕዝ ፈላሲ የሚለውን አማርኛ ፈላሽ ይለዋል። ለባሲ ለባሽ፥ ቀዳሲ ቀዳሽ እንደ ሆነ ሁሉ የዚህም መለወጥ በሕግ የሄደ ነው። ፈላሻ የተባለው ስምም ከዚሁ የመጣ መሆኑን የቃላት ሊቃውንት ይናገራሉ። ይህ ስም የተሰጣቸው ሰዎች ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ፤ ፈላሻ መባልን እንደ ስድብ ይቈጥሩታል። እኛም ዛሬ ቃሉን የምንጠራው የምንመረምረው ነገር እርሱ ስለ ሆነ እንጂ ሰዎቹን ለመጥራት አይደለም።

ቃሉ እንዴት በእነርሱ ላይ ወደቀ? በኋላ ዘመን የተጻፈ ታሪክ ነገሩን በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለነገሡት ለዐፄ ይስሐቅ ይሰጠዋል። ንጉሡ በወገራና በደንቢያ ከአይሁድ ሃይማኖት ሰዎች ጋር ተዋግተው ድል ካደረጉ በኋላ፥ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፥ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ እንዲሆን ዐዋጅ አስነገሩ ይላል። ቃሉ አስቀድሞ ለመነኮሳት ይነገር ስለ ነበረ፥ በዚህ ዐዋጅ ብቻ የስሙን መነሻ መወሰን አይገባም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ክርክራቸውም ቀላል አይደለም፤ ቤተ እስራኤልም መነኮሳት ነበሩአቸው፤ በትውፊታቸው ምንኵስናን ያቆመላቸው በዚያው መቶ ዓመት የነበረው አባ ሰብራ ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ርስትንና ፈላሲነትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተቃራኒ አድርጎ ማቆሙ ለእኛ በቂ ማስረጃ ነው። በጎንደር ደጋ ሰዎች ዘንድ ቃሉ የሚሰማው እንደዚያ ነበርና።

ርስት ምን እንደ ነበረ ለዛሬው ወጣት ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ርስት የገበያ መሬት አይደለም። አገሩን ካቀና አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም በኩል እየተቈጠረ የሚወርድ መብት ነው። አንድ ሰው ሃያ ዓመት በሌላ አገር ቢኖርም ተመልሶ ዘሩን ቈጥሮ ድርሻዬን ብሎ ሊሟገት ይችል ነበር። ርስት ያለው ሰው በሰንበቴው፥ በሸንጎው፥ በለቅሶው ቦታ አለው። ርስት የሌለው ግን በሰው መሬት በኪራይና በእኩል እያረሰ የሚኖር፥ ዛሬ ኑር ነገ ውጣ የሚባል ነው። በአንድ መንደር ውስጥ መቶ ዓመት ቢኖር እንግዳ ነው።

የቤተ እስራኤል መሬት ማጣት በአንድ ቀን ዐዋጅ የተፈጸመ አልነበረም። በስሜን ተራሮች የራሳቸው አለቆች ነበሩአቸው፤ ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ደጋግመው ዘመቱባቸው፤ በ1607 የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስም የመጨረሻውን ኃይላቸውን ሰበሩ። ከዚያ ወዲህ ብረት በመቀጥቀጥ፥ ሸክላ በመሥራት፥ በሽመናና በግንበኝነት የሚኖሩት እየበዙ ሄዱ። ጎንደር በ1636 ገደማ ከተቈረቈረች በኋላም አብያተ መንግሥቱና አብያተ ክርስቲያናቱ ሲታነጹ በግንበኝነትና በአናጢነት ሠርተዋል። አገሩ የእጃቸውን ሥራ ይፈልገዋል፤ ማረሻውን ያለ እነርሱ አያሾልም፥ ወጡን ያለ እነርሱ ድስት አይሠራም፤ ሠሪውን ግን ቡዳ ነው እያለ ይሸሸዋል። ይህን አለመናገር ታሪክን ማስጌጥ ይሆናል።

በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር በተደረገው ጉባኤ ፈረንጆች የአገሩን ሃይማኖት ካልተቀበሉ ከአገር እንዲወጡ፥ እስላሞችና «ፈላሾች» ደግሞ ከክርስቲያን ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። ውሳኔውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከአገር ውጡ የተባሉት ፈረንጆቹ ናቸው፤ ፈላሾች የተባሉት ግን የትም አልሄዱም። ከከተማው ጥግ ተቀመጡ ነው የተባሉት። በዚያን ጊዜ ቃሉ የመንቀሳቀስ ትርጉሙን ፈጽሞ ጥሎ የማዕርግ ዝቅታ ምልክት ሆኖ ነበር ማለት ነው።

የንግግራችን ዋና ጭብጥ ይህ ነው። ርስታቸውን የተነጠቁት ሰዎች ተሰደዱ ቢባል ኖሮ ቃሉ ሰዳጁን ባስታወሰ፥ ልጅም አባቱን «ማን ሰደዳቸው?» ብሎ በጠየቀ ነበር። ፈለሱ በተባለ ጊዜ ግን ጥያቄው በሩ ላይ ቀረ። ፈላሻ ማለት የፈለሰ ሰው ነው፤ ከየት? ከሩቅ አገር፤ ስለ ምን ርስት የለውም? ፈላሻ ስለ ሆነ። ነጣቂው ከታሪኩ ወጣ፤ መነጠቁም የተነጣቂው ጠባይ መሰለ። ለመነኵሴው በፈቃድ የተሰጠ ስም ለገበሬው ያለ ፈቃዱ ሲሰጠው ከክብርነት ወደ ውርደት ተለወጠ፤ ሁለቱም ርስት የላቸውም፤ አንዱ የተወው፥ ሌላው የተወሰደበት ነው።

ለሚዛን ያህል ደግሞ የእነርሱንም ወገን ማየት ይገባል። ቤተ እስራኤል ራሳቸው አባቶቻችን ከኢየሩሳሌም መጡ የሚል ትውፊት አላቸው። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ የሚለውን የቃሉን ግማሽ አይክዱትም፤ ግን ለእነርሱ ፍልሰቱ ከኢየሩሳሌም ነው እንጂ ከወገራ እርሻ አይደለም። ጎረቤታቸው በአንድ ቃል አገር የለህም ሲላቸው እነርሱ በዚያው ቃል ሌላ አገር እንዳላቸው ይሰሙበት ነበር።

በዚህ መካከል አንድ ሰው ሳናነሣ ማለፍ አልፈለግንም። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር ባስወጡ ጊዜ ከወጡት ኢትዮጵያውያን አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ነበር። ይህ የመካነ ሥላሴ ሰው በ1649 ሮማ ላይ ኢዮብ ሉዶልፍ ከተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ጋር ተገናኘ፤ በ1652ም ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ሄዶ ግዕዝና አማርኛ አስተማረው። ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ስለ ቤተ እስራኤል ሲጽፍ ስማቸውን ከስደት ጋር አያይዞ ተረጐመው። አውሮፓ የኢትዮጵያን የስደት ግሶች የተማረችው እንግዲህ ከአንድ ስደተኛ አፍ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ሞተ።

የጎንደር ከተማ ሕዝብስ አልፈለሰምን? በብዙ ፈልሶአል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 መጨረሻ ከተማይቱን ዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቱን ባቃጠሉ ጊዜ ካህኑም ነጋዴውም ተበተነ። በ1888 መጀመሪያ ደግሞ የመሐዲስቶች ጦር ገብቶ ያልተቃጠለውን አቃጠለ፤ ብዙ ሰው ገደለ፥ ማረከ። ከዚያም የከብት እልቂትና ክፉ ቀን ተከተለ። የዚያን ጊዜ ጎንደሬ እስከ ጎጃምና እስከ ሸዋ ተበትኖ ነበር። ነገር ግን ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ፈላሻ አልተባሉም፤ ልጆቻቸውም አልተባሉም። ርስታቸው በሌሉበት ይጠብቃቸው ነበርና፥ ቀን ሲወጣ የተመለሰው ተመልሶ ዘሩን ቈጠረ። ከስፍራ ስፍራ የዞሩት ባለአገር ተባሉ፤ በወለቃና በአምቦበር፥ በስሜንም ጥግ ለዘመናት ከአንድ ስፍራ ሳይነቃነቁ የኖሩት ግን የፈለሱ ተባሉ። ግሱ እግርን ትቶ መሬትን ይከተል እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ቤተ እስራኤል በእግራቸው የፈለሱበት ጊዜም መጣ። በ1862 አባ ማኅሪ የሚባሉት መነኵሴ ብዙ ሰው አስከትለው፥ ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል በሚል ተስፋ ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። እርሻና ቤት ትተው፥ ሽማግሌና ሕፃን ይዘው የወጡት እነዚህ ሰዎች ከትግራይ አላለፉም፤ በአክሱም አገር ራብና በሽታ ፈጃቸው፤ ከሞት የተረፉት ከፊሉ ተመለሱ፥ ከፊሉም በዚያው ቀሩ። ፈላሻ ሲባሉ የኖሩት ሰዎች ግሱን በራሳቸው ፈቃድ የፈጸሙት በዚያ ዓመት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትንና ጭሰኝነትን በአንድነት ሻረ። ፈላሲ የርስት ተቃራኒ ከነበረ፥ ርስት ሲጠፋ ስሙም ትርጉም አልባ መሆን ይገባው ነበር። ለብዙ የቤተ እስራኤል ገበሬዎች በስማቸው የተመደበ መሬት ማረስ ያን ጊዜ ተጀመረ። ነገር ግን ዐዋጁን ተከትሎ በጎንደር አገር ጦርነት ሆነ፤ መሬት ማግኘታቸውን የጠሉ ሰዎች ነበሩ፤ ስሙም በሰው አፍ ላይ እንዳለ ነበር። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ መንደሮቹ ወደ ሱዳን በሌሊት መውጣት ጀመሩ። በመንገድና በሱዳን ሰፈሮች ወደ 4,000 የሚሆኑ ሰዎች እንደ ሞቱ ይነገራል። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ከ7,000 እስከ 8,000 ይገመታሉ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ተጓዙ።

ስለዚህ ጉዞ ሲናገሩ ቤተ እስራኤል የሚወዱት ግስ ፈለሰ አይደለም። በዕብራይስጥ ወደ እስራኤል መሄድ ዓሊያ ይባላል፤ ሽቅብ መውጣት ማለት ነው። አማርኛም ለዚህ የተመቸ ግስ ነበረው፤ ከአገር የሄደ ሰው ወጣ ይባላል፤ ተራራ የጨረሰም ወጣ ይባላል። የሙሴ ሁለተኛ መጽሐፍ ዘፀአት የተባለው ከዚሁ ግስ ከግዕዙ ወንድም ነው። ከሄዱ በፊትም በየዓመቱ በስግድ በዓል ከየመንደሩ ተሰብስበው በአምቦበር አጠገብ ካለው ተራራ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም ይጸልዩ ነበር፤ ይህ በዓል በ2008 በእስራኤል የመንግሥት በዓል እንዲሆን በሕግ ተደንግጎአል። በዚያ ሲደርሱ ደግሞ ገቡ ይባላል። ወጡና ገቡ፤ በሁለቱም ግሶች ውስጥ ባለቤቶቹ እነርሱ ናቸው።

ግሱ ግን ሁሉን አልለቀቀም። አባቶቻቸው ወደ ክርስትና የገቡ የዚያው ወገን ተወላጆች ፈላሽ ሙራ ተብለው ተጠሩ። ከእነርሱም ብዙዎች ከ1991 ወዲህ መንደራቸውን ለቀው ወደ ጎንደር ከተማና ወደ አዲስ አበባ መጥተው፥ የመሄጃ ፈቃድ እየጠበቁ በኪራይ ቤት ዓመታት አሳልፈዋል። ከፊላቸው ሄደዋል፤ ወላጅ ሄዶ ልጅ የቀረበት፥ ልጅ ሄዶ ወላጅ የቀረበት ቤት አለ። ከቀያቸው ተነሥተዋልና አልተቀመጡም፤ ያሰቡበት አልደረሱምና አልወጡም። ስለ እነርሱ የሚነገረው ግስ የትኛው እንደ ሆነ ለመወሰን እኛ እንቸገራለን።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፥ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ወለቃ ትገኛለች። ለአገር ጎብኚ ሲባል «የፈላሻ መንደር» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በመንገዱ ዳር ለብዙ ዓመታት ይታይ ነበር፤ የመንደሩ ሰዎች ከሄዱም በኋላ ጽሑፉ አልተነሣም ነበር። ትንሹ ምኵራባቸውና የመቃብራቸው ስፍራ በዚያ ቀርተዋል። ሴቶች በመንገዱ ዳር ከጥቍር ሸክላ አንበሳና የሰው ምስል እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጣሉ፤ አብዛኞቹ ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው፤ ሙያውን ከሄዱት ሰዎች ተምረነው ቀረን ይላሉ።